ዳዶንግ ያለችው

«ጥሬ ነው» አለች ሱኬርቲ የድስቱን ክዳን እንደያዘች። «ዛሬም ጥሬ ነው።»

ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ቢላቸውን ገታ አደረጉ። ጎረቤታቸው እትዬ ንያምፑ ከሁሉ ቀድማ አንገቷን አሰገገች፤ አንገቷ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አንዲት የሩዝ ፍሬ በሁለት ጣቷ አንስታ ጨፈለቀችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ትናንት ጥሬ፣ ዛሬ ጥሬ። እሳቱ ይነዳል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ሩዙ እምቢ ይላል። እንግዲህ እኔ ምንም አላልኩም።»

እትዬ ንያምፑ «ምንም አላልኩም» ካለች ሁሉን ብላ ጨርሳለች ማለት ነው።

የሱኬርቲ ልጅ ዊዳሪ ጥጉ ጋ ቁጭ ብላ የሙዝ ቅጠል ትወለውላለች። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ነው፤ አፏ ግን ሠላሳ ይሞላዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እትዬ፣ እርስዎ አፍዎን በከፈቱ ቁጥር እኮ ነው ድስቱን ብርድ የሚመታው» ብላ ኩሽናውን በሳቅ ታፈርሰው ነበር። ደግሞ ሩዙ ለምን እንደማይበስል ታውቃለች። እናቷ ክዳኑን አላስቀምጥ ብላለች። ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትከፍታለች። እንዲህ እየተነዘነዘ የሚበስል ሩዝ የለም።

ታውቃለች፤ ግን ቅጠሏን መወልወሏን ቀጠለች። ግማሽ ልቧ «ክዳኑ ነው» ይላታል። ግማሹ ደግሞ «ዳዶንግ ናት» ይላታል።

ሩዙ የዳዶንግ ነበር። የሞተችው አያቷ ዳዶንግ ረምፒ ግቢው ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል ባለው ክፍት ዳስ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተኝታለች። ካህኑ ቆጥረው የመረጡት መልካም ቀን ደርሶ እስክትቃጠል ድረስ ቤቷ ናት፤ ቤቷ ካለች ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ትበላለች። ጧትና ማታ ትሪዋ ይቀርብላታል፦ ሩዝ፣ የሙዝ ግንድ ወጥ፣ አተላው ከብርጭቆው ሥር የተኛ ቡና፣ የምታኝከው ቅጠል። ለሟች ጥሬ ሩዝ ማቅረብ ታዲያ ነውር ነው።

«ለምን ራሳቸውን አትጠይቋቸውም?» አለች እትዬ ንያምፑ ወደ ሽንኩርቷ እየተመለሰች። «ከወንዙ ማዶ ያለችው አዋቂ የሙታንን ቃል ታወጣለች። እኔ አማቴ ሲሞቱ ሄጄ የለም እንዴ? በገዛ ድምፃቸው ነው የመጡት። አንድ ሳይቀራቸው ዘረገፉት። የበላሁባቸውን ዶሮ እንኳን አልማሩኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሱኬርቲ አልሳቀችም።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች። «ምን እንዳስቀየምኳት ትንገረኝ።»

ዊዳሪ እጅ ላይ ያለው ቅጠል ለሁለት ተቀደደ።

*

በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሐዘን የገባበት ኩሽና እንግዳ አያስተምርም። ሰሌዳው ላይ ዳዶንግ ዘነዘናዋን ይዛ ትስቃለች፤ ከሥሯ በእንግሊዝኛ «የአያት ኩሽና፤ የባሊን ምግብ ከእጇ ይማሩ» ይላል። አሁን የምትስቀው ለግድግዳው ነው።

የሰፈሩ እድር ወንዶች ከጧት ጀምሮ ቀርከሃ ይፈልጣሉ። ሴቶቹ በራሳቸው ላይ ሩዝና ስኳር የሞላ ቅርጫት ተሸክመው ይገባሉ፣ ያራግፋሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ያማሉ። ዊዳሪ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ በጉድጓዱ በኩል ስታልፍ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር።

«በዚያ ዕድሜያቸው ከጧት እስከ ማታ ሙቀጫ!»

«ለፈረንጅ ፎቶ ብላ እኮ ነው።»

«ወይ ሱኬርቲ! የገዛ እናቷን እንደ ዝንጀሮ አስጨፍራ አስጨፍራ …»

ዘወር ሲሉ ሱኬርቲ ባልዲ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች።

«ቡናው ግሩም ነው» አለች አንደኛዋ፣ ገና ከትሪው ሳታነሳው።

ሱኬርቲ ባልዲዋን አስቀመጠች። የዊዳሪን ክንድ ይዛ ከሩዝ ጎተራው ጀርባ ወሰደቻት። ዓይኗ ከጢስና ከእንቅልፍ ማጣት የተነሳ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«አንድ ቀን ደከመኝ ብላኝ አታውቅም» አለች። «አንድ ቀን እንኳን! ብትነግረኝ ያን ሙቀጫ ገደል አልከተውም? ለምንድን ነው ያልነገረችኝ፣ ዊዳሪ? ይሄን ያህል የምትፈራኝ ሰው ነበርኩ?»

«ኧረ እማ …»

«ላንቺስ ብላሽ ታውቃለች? አብረሻት የምትውዪው አንቺ ነሽ።»

ዊዳሪ ትሪው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች አየች። ቡናው ሞልቷል። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ይሄው ነው ችግሯ፤ ስትዋሽ እጇ አይንቀጠቀጥም።

«የለም» አለች። «ምንም አላለችኝም።»

*

«ምላሰኛዬ» ነበር ዳዶንግ የምትላት።

ትምህርት ቤቱን ዊዳሪ ቶሎ ነው የተሰናበተችው፤ እንግሊዝኛውን ግን ከእንግዶች አፍ እንደ ዶሮ ለቅማ ያዘችው። የእናቷ እንግሊዝኛ ከ«ሄሎ» እና ከ«ያቃጥላል?» አያልፍም። ዳዶንግማ ያንንም የላትም። ስለዚህ በዚያ ኩሽና ውስጥ ወጡ የሱኬርቲ፣ እጁ የዳዶንግ፣ አፉ የዊዳሪ ነበር።

እንግዶቹ ሽርጥ ታጥቀው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ዳዶንግ ከድንጋይ ሙቀጫዋ ፊት ትንበረከካለች። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጠጅ ሣር። እየወቀጠች ታወራለች፤ ስታወራ ደግሞ ከሥሩ ነው የምትጀምረው።

«እርዱን በቢላ አትክተፉት በያቸው። ቢላ ያስደነግጠዋል፣ ውሃውን ይተፋል። በድንጋይ ቀስ አድርጋችሁ እሹት። እናቴ በችግሩ ዘመን ሌላ ቅመም አጥታ በእርድና በጨው ብቻ አሳደገችን። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ወጡን ቀምሶ …»

እንግዶቹ ወደ ዊዳሪ ይዞራሉ። ይሄን ሁሉ ማን ይተረጉማል?

«እርድ በቢላ የምትከትፍ ሴት ባል አታገኝም ትላለች።»

ኩሽናው በሳቅ ይናጋል። ዳዶንግ የወንድሟን ነገር አንጠልጥላ ዙሪያውን ታያለች።

«ምን አልሻቸው አንቺ?»

«ያልሽውን ነዋ!»

«ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቃቸው?»

«አነጋገርሽ ነው፣ ዳዶንግ። ቀልደኛ ነሽ አሉ።»

«ይሄው! ቀልደኛ መሆኔን በስተርጅና አወቅሁት» ትልና ቅጠሉ ባቀላው ድዷ ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ሰው ሲስቅ ስታይ ምን እንደተባለ ሳታውቅ አብራ ትስቅ ጀመር። አንዳንዴ ከሁሉም ቀድማ።

ወንድሟ ወጡን ቀምሶ ምን እንዳለ ዊዳሪ እስከ ዛሬ አታውቅም። አልጠየቀችም።

*

ከሰዓት በኋላ ውሾቹ ጮኹ። በሩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ቆማለች፤ ረጅም፣ ፊቷ በጠቃጠቆ የተነሰነሰ። ሽርጥ ከአከራይዋ ተውሳ ታጥቃለች፤ ቢጫ መቀነት አስራለች፤ ስኳርና ቡና የያዘ ቅርጫት እንደ ሕፃን ልጅ አቅፋለች።

«ይህችን ማን አለበሳት?» አለች እትዬ ንያምፑ። «ሽርጡን ገልብጣዋለች እኮ! ተዋት፣ ተዋት፣ መምጣቷም ደግ ነው።»

ዊዳሪ ሴትየዋን እንዳየች አወቀቻት። ኢንግሪድ ናት። የዳዶንግ የመጨረሻ ቀን እንግዳ።

በዚያ ቀን ሱኬርቲ ጓሮ ፍም ላይ ጎንበስ ብላ፣ በጠጅ ሣር አገዳ ላይ የተጠቀለለውን ዓሣ ታራግብ ነበር። ዳዶንግ ቅመሙን ወቅጣ ጨርሳለች። ኢንግሪድ ስልኳን አገላብጣ አየችና ጮኸች፤ ሳይቀዳላት ቀርቷል።

«አንድ ጊዜ ትድገምልኝ? ከመጀመሪያው? ለእናቴ ነው የምልከው።»

ዳዶንግ ዘነዘናውን ሙቀጫው ጠርዝ ላይ አስደገፈችው። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አኖረችና በግራዋ ሸፈነችው፤ ብርድ የመታው ጫጩት የያዘች ይመስል።

«ዊዳሪ፣ ለእንግዶቹ ንገሪልኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል። ደክሞኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ልቀመጥ።»

ዊዳሪ ሰምታለች። እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች። ግን ስልኮቹ ተነስተዋል፣ ፊቶቹ ሳቅ ይጠብቃሉ። «ደክሟታል» ማለት ደግሞ በጨዋታው ላይ ውሃ መቸለስ ነው። አፏ ከልቧ ቀደመ።

«ምን አለች?» አለች ኢንግሪድ።

«የሚወድ እጅ አይደክምም ትላለች።»

ኢንግሪድ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። ሌሎቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባውን ስትሰማ ዳዶንግ ቀና አለች። «ምን አሉ? ፈቀዱልኝ?»

«አንዴ ብቻ ድገሚላቸው፣ ዳዶንግ። በቃ፣ አንዴ።»

ዳዶንግ የልጅ ልጇን አየቻት። አልተቆጣችም፤ የሚያሳብደውም እሱ ነው። እንግዳ ቅር ተሰኝቶ ከቤቷ አይወጣም ብላ ዘነዘናውን አነሳች።

ሲጨርሱ፣ እንግዶቹም ሲሄዱ፣ ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «እስቲ ትንሽ ልረፍ» አለች። ሱኬርቲ ዓሣ ይዛላት ስትመጣ አልነቃችም።

*

ኢንግሪድ ዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ከበቧት፤ ቡና ተሰጣት፤ አተላውን ሳይቀር ጠጣችውና ሳላት። እትዬ ንያምፑ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። ሱኬርቲ የዳዶንግን ትሪ ይዛ መጣች፤ ሩዙ ከጎረቤት ድስት የተለመነ ነበር።

ኢንግሪድ ሱኬርቲን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀስ እያለች በእንግሊዝኛ ተናገረች። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ዊዳሪ ዞረ፤ ልክ እንደ ድሮው።

«ምን አለች?» አለች ሱኬርቲ።

ዊዳሪ አሳጠረችው። «ለ… ለሐዘናችን መጣሁ ትላለች።»

«ረጅም ነው እኮ የተናገረችው» አለች እትዬ ንያምፑ። «እኛም ጆሮ አለን። ትርጉሚ እንጂ፣ ምላስሽን ማን ሰረቀብሽ?»

ዊዳሪ ተረጎመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ ተረጎመች፤ ያውም የገዛ ውሸቷን።

«እናትሽ አንድ ነገር ነግራን ነበር፣ ልረሳው አልቻልኩም ትላለች። "የሚወድ እጅ አይደክምም" ብላናለች ትላለች። ቤቴ ስመለስ ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ እጽፈዋለሁ ትላለች።»

ሴቶቹ «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺ ከጉድጓዱ አጠገብ ስታማ የነበረችው ሴት ትከሻዋ ላይ ባለው ፎጣ ዓይኗን ጠረገች። እትዬ ንያምፑ ሳትቀር «አያችሁ? ወደው ነው የሠሩት። እኔ ምንም አላልኩም!» አለች።

ሱኬርቲ ፊት ላይ ለቀናት ታስሮ የነበረ ነገር ተፈታ። ትከሻዋ ወረደ። ዊዳሪ አየቻት። በቃ፣ አልቋል። አዋቂዋ ጋ መሄድ የለም፤ ሐሜቱም ይቆማል፤ እናቷም ትተኛለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝምታ ደግሞ ከመዋሸት ይቀላል።

ሱኬርቲ ትሪውን ከአስከሬኑ አጠገብ አኖረች። እንባዋ ሟች ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን ወደ ጎን መለሰች፤ እንባ የወደቀበት ሰው መንገዱ ይከብደዋልና። ከዚያም ለእናቷ እንደ ሕያው ሰው ነገረቻት።

«እናቴ፣ ቃልሽ ደርሶኛል። ተቀይመሽኝ ነው ብዬ ነበር። እጄ አልደከመም ማለትሽን ሰማሁ። አሁን ልቤ …»

«እማ፣ እንደሱ አላለችም።»

ዊዳሪ ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ራሷም ዞር ልትል ምንም አልቀራትም።

«ምን?»

«እንደሱ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት። ዳዶንግ ያለችው ደክሞኛል ነው። "ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ልቀመጥ፣ ንገሪልኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ … ሰዎቹ እየጠበቁ ነበር፣ እማ። እያጨበጨቡ ነበር። ፈቀዱልኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዴ ድገሚ አልኳት።»

ቀርከሃ የሚፈልጡት ወንዶች እንኳን መጥረቢያቸውን ያዝ አደረጉ። እትዬ ንያምፑ አፏን ከፈተችና ባዶውን ዘጋችው።

ሱኬርቲ ልጇን አልመታቻትም። ብትመታት ይሻል ነበር።

«ጓሮ እኮ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «ጢሱ ውስጥ። አንድ ጊዜ ብትጠሪኝ እሰማሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ከጎተራው ጀርባስ ስጠይቅሽ?»

ምላሰኛዋ የመቀነቷን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር።

ኢንግሪድ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያየች የዊዳሪን ክንድ ነካች። «ምን ሆነ? ምን አልሻት?»

ለእሷም መንገር ነበረባት። ነገረቻት። የኢንግሪድ ፊት ነጭ ሆኖ ጠቃጠቆዋ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወደ ነጩ ጨርቅ እያየች፣ «ለእሷ አንድ ነገር ልንገራት፣ ትተረጉሚልኛለሽ?» አለች።

ዊዳሪ ወደ አያቷ ጆሮ ጎንበስ አለች። ኢንግሪድ አንድ ቃል ስትል እሷም አንድ ቃል አለች።

«አላወቅሁም ትላለች፣ ዳዶንግ። አንድ ጊዜ ትድገም ያልኩት እኔ ነኝ ትላለች። የቀዳሁት አለኝ፣ ትናንት መልሼ አየሁት፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ይታያል ትላለች። ያን ጊዜ አላስተዋልኩም ትላለች። ይቅር በዪኝ ትላለች።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሌላ ምንም አላለችም። ያለችው ይሄን ብቻ ነው።»

የራሷን ይቅርታ አልጨመረችም። የእሷ ገና ቋንቋ አልተገኘለትም ነበር።

ሱኬርቲ ከአጠገቧ ስታልፍ ሳታያት «የነገውን ሩዝ አንቺ ቀቅይ» አለች። ጥቂት ሄዳ ቆመች። «ክዳኑን አትክፈቺ።»

*

ሩዙ በሰለ። እትዬ ንያምፑ ፍሬውን ጨፍልቃ «ታረቁ!» ብላ አወጀች። ዊዳሪ ስለ ክዳኑ ምንም አላለቻትም። እናትና ልጅ ግን አልታረቁም፤ ሱኬርቲ ከዚያ ቀን ወዲህ የምታናግራት «ውሃ አምጪ»፣ «ይህን ያዢ» እያለች ብቻ ነው። ሩዝ መብሰሉን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የመውጫዋ ቀን ደረሰ። ከግንድ የተፈለፈለው የእድሩ ደወል ተደልቆ ሰፈሩ በሙሉ ገባ። ዳዶንግን ግቢው መሐል የቀርከሃ አልጋ ላይ አወጧት፤ የማጠቢያዋ ሰዓት ነው። አበባ የተነሰነሰበት ውሃ በሸክላ ቀረበ። ዘመድ ሁሉ ተሻማ፤ አንዱ ፀጉሯን፣ አንዱ እግሯን፣ ሁሉም የድርሻውን ማጠብ ይፈልጋል። ዊዳሪ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ነበር። ወደፊት ለመሄድ እግሯ አልታዘዛትም።

ሱኬርቲ ከመሐል ቀና ብላ ፈለገቻት።

«ዊዳሪ። ቀኝ እጇ ያንቺ ነው።»

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። እጁ ከአልጋው ጠርዝ አጠገብ፣ መዳፉ ወደ ታች ሆኖ አርፏል። ጥፍሮቹ ሥር እርዱ እንዳለ ነው፤ ቢጫ፣ እንደዚያን ቀን። ከአውራ ጣቷ ሥር ዘነዘናው ያበጀው ጠባሳ አለ። ዊዳሪ ውሃ አፈሰሰችበት፣ በጣቷ አሸችው። እርዱ አልለቀቀም።

«አንሺው እንጂ!» አለች እትዬ ንያምፑ ከኋላዋ። «ከሥሩም ይታጠባል፤ እጃቸውን ወደ ላይ አንሺው!»

ዊዳሪ አላነሳችውም።

መሬቱ ጭቃ ሆኖ ነበር። ነጩን ሽርጧን ሳትሰበስብ ተንበረከከች። ፊቷን ወደ ጎን መልሳ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። ከዚያ አንገቷን ሰብራ ከአልጋው ዝቅ አለችና፣ እጁ በተቀመጠበት እንዳለ፣ በቀርከሃው ክፍተት ከሥር አጠበችው።

«ደክሟታል» አለች።